ቀላል ቃሬዛ

አንድ አናጢ ነበር። ስሙን አልነግራችሁም፤ ዘመዶቹ እዚህ መካከላችሁ አሉ። ለዛሬ ብቻ መኩሪያ እንበለው። መኩሪያ የምትባሉ ካላችሁ ይቅርታ፤ እናንተን ማለቴ አይደለም። የሚመስላችሁ ከሆነ ግን ጨርሳችሁ ስሙ።

ይህ ሰው ሠላሳ ዓመት ቡፌ ሲሠራ የኖረ ነው። ቡፌ ታውቃላችሁ። ፊቱ በቫርኒሽ የተወለወለ፣ መስታወት የገባለት፣ ውስጡ እንግዳ ካልመጣ የማይወጣ ብርጭቆ የተደረደረበት። ጀርባውስ? ጀርባውን አይታችሁት ታውቃላችሁ? ቤት የለቀቃችሁ ቀን አይታችሁታል! ሚስማሩ ያገጠጠ፣ ኮምፔርሳቶው የተላጠ፣ ሸረሪት ሦስት ትውልድ ያሳደገችበት። ያን ቀን ወዛደሮቹ ፊት እንዴት እንዳፈራችሁ እናንተው ታውቃላችሁ።

መኩሪያ ግን አያፍርም። ሰው ስለ ጀርባው ሲጠይቀው አንድ መልስ አለው። «ጀርባውን ግድግዳ ያየዋል» ይላል። በዚህች ቃል ልጆች አሳድጓል፣ ቤት ሠርቷል። ባለቤቱ በላይነሽም ተምራበታለች፤ ሸሚዙን የፊቱን ብቻ ተኩሳ ስትሰጠው «ጀርባውስ?» ቢላት፣ «ጀርባውን ኮቱ ያየዋል» ትለዋለች።

የሚኖሩባት ከተማ ገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠች ናት። ጤና ጣቢያውም እዚያው አፋፉ ላይ ነው። መንደሮቹ ደግሞ ታች ቆላው ውስጥ ናቸው፤ መኪና አይደርስባቸውም። ታዲያ ሰው ሲታመም፣ እናት ምጥ ሲጠናባት፣ በቃሬዛ ተሸክሞ ሽቅብ መውጣት ነው። ለዚህ ሥራ የቃሬዛ እድር አላቸው። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ወልደየስ ይባላሉ። ግራ ትከሻቸው ከቀኙ ዝቅ ያለ ነው፤ አርባ ዓመት ሰው የተሸከመ ትከሻ እንዲያ ይሆናል።

የድሮው ቃሬዛቸው ከዋንዛ የተሠራ ነው። ባዶውን እንኳ ሁለት ሰው ያቃስትበታል። ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ይዘው ሲወጡ፣ በየመቶ እርምጃው እያሳረፏት፣ ልጁ መንገድ ላይ ተወለደ። ከአዋላጇ ቀድሞ ስለ ደረሰ ስሙን ደረሰ አሉት። ሳቃችሁ? እነሱም ዛሬ ይስቃሉ። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ግን ሌላ እናት ነበረች። እሷም አልደረሰችም፣ ለልጇም ስም አልወጣም።

እንግዲህ እግዚአብሔር መንገድ አያጣም። አንድ የቴክኒክ ኮሌጅ ለእድሩ ካርቦን ፋይበር የሚባል ነገር ሰጠ። ጥቁር ጨርቅ ነው፤ ስታዩት የሐዘን ልብስ ሊሰፋበት የመጣ ይመስላል። ሬዚን የሚባለውን ፈሳሽ ጠጥቶ ሲደርቅ ግን ከእንጨት በብዙ የሚቀል ጠንካራ ሰሌዳ ይሆናል። የተሰጣቸው ለሁለት የቃሬዛ ሰሌዳ የሚበቃ ነው። ለሦስተኛ የሚሆን የለም።

መኩሪያም ሦስት ቀን ሥልጠና ገባ። አስተማሪው ወጣት ነው፤ አክብሮ ነው የሚያስተምረው። «ጋሼ፣ ምስጢሩ ያለው መስታወቱ ላይ ነው» አለው። «ዝርግ መስታወት በሰም ይወለውላሉ። ጨርቁን በሬዚን አርሰው እላዩ ላይ ያነጥፋሉ። በላስቲክ ሸፍነው አየሩን በፓምፕ ይስባሉ። ሲደርቅ፣ መስታወቱን የነካው ጎን ራሱ መስታወት መስሎ ይወጣል። ላስቲክ የነካው ጎን ግን ሻካራ ነው።»

«ሁለቱም ጎን እንዲለሰልስ ቢፈለግስ?»

«ሁለት ጊዜ መሥራት ነዋ! ከጨርቁ ሁለት ስስ ሽፋን፣ ቆዳ የምንለውን፣ ለየብቻ መስታወት ላይ ይሠራሉ። ከዚያ ሻካራ ጎናቸውን ወደ ውስጥ አዙረው፣ መሐላቸው ቀላል ፎም አግብተው ያጣብቋቸዋል። በላይም በታችም ውጭ የሚቀረው ለስላሳው ነው።»

መኩሪያ ራሱን ነቀነቀ። ራስ መነቅነቅ መረዳት አይደለም፤ እናንተም አሁን እየነቀነቃችሁ ነው።

ጋሽ ወልደየስ ሊያዝዙ መጡ። «ስማ መኩሪያ፣ ሰኔ ሳይገባ ይድረስልን። ሁለቱም ጎን ይለስልስ፤ ነርሷ ሻካራ ነገር ደም ይይዛል፣ ታጥቦ አይጠራም ብላናለች። ከሁሉ በላይ ግን ቀላል ይሁን። አደራህን፣ ቀላል ይሁን!»

«ቀላል ነው!» አለ መኩሪያ ደረቱን መታ አድርጎ።

ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ ቁሙልኝ። ሽማግሌው ቀላል ያሉት ክብደቱን ነው። አናጢው ቀላል ያለው ሥራውን ነው። አንድ ቃል ተባባሉ፣ ተጨባበጡ፣ ደስ ብሏቸው ተለያዩ። ስንቱ ጋብቻ እንዲህ ተፈጽሟል?

መኩሪያ ሥራ ቤቱ ገብቶ አሰበ። ሁለት ጊዜ ሰም? ሁለት ጊዜ ፓምፕ? ሁለት ጊዜ እስኪደርቅ መጠበቅ? «ይሄ ልጅ ቡፌ ሠርቶ አያውቅም» አለ በልቡ። የላይኛውን ጎን እንደ ተማረው መስታወት ላይ ሠራው፤ አማረለት። ፎሙን ለጠፈበት። የታችኛውን ጨርቅ ግን መስታወት ሳያስነካ፣ ሬዚኑን በብሩሽ እየቀባ፣ እንደ ነገሩ ፎሙ ላይ አለበሰው። ደረቀ። በላይነሽ ምሳ ይዛ መጥታ እጇን በሥሩ ብትሰድ ጮኸች።

«ይሄ ምንድን ነው? የድመት ምላስ!»

«ጀርባውን ግድግዳ...» ብሎ ጀመረ።

«የምን ግድግዳ? ቃሬዛ የቱ ግድግዳ ላይ ነው የሚደገፈው? ከላዩ ሰው፣ ከሥሩ ሰው!»

አሁን ምን ያድርግ? የቀረው ጨርቅ ለአንድ ሰሌዳ ነው። እሱን መንካት ጥፋትን ማመን ነው። ስለዚህ መኩሪያ እኔም እናንተም የምናደርገውን አደረገ። ስቱኮ ገዛ።

ስቱኮ ታውቃላችሁ፤ ግድግዳ የሚለሰንበት። አንድ እጅ መረገው፤ ጉድጓዱ ታየ። ሁለተኛ መረገው፤ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገው፤ ሌላ ጉድጓድ ወጣ። ሦስተኛ መረገው። አራተኛ መረገው። በዚያ ላይ ጥቁር የመኪና ቀለም፣ በቀለሙ ላይ ቫርኒሽ። አድርቆ በር ላይ ሲያቆመው አላፊ አግዳሚው እየቆመ ፀጉሩን አበጠረበት። በላይነሽ ራሷ ሻሿን አስተካከለችበት። «አሁንስ አምሯል» አለችና ልታነሳው ሞክራ ተወችው።

«መኩሪያ፣ ይሄ ነገር ስንት ኪሎ ነው?»

«ጎረምሳ ነው የሚሸከመው፤ አንቺ ምን አገባሽ?»

ርክክቡ ታች ቆላው ውስጥ ነው። ቃሬዛውን በአህያ አስጭኖ ከነባለቤቱ ወረደ። አህያዋ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ተኛችበት። እውነቱን የተናገረችው እሷ ነበረች፤ አህያ ተናግራ ሳትሰማ ስትቀር ደግሞ የመጀመሪያዋ አይደለችም።

የእድሩ ሰዎች ተሰበሰቡ። ጋሽ ወልደየስ በመዳፋቸው ላዩን ዳበሱ፤ ሥሩን ዳበሱ። «ለስላሳ ነው። እጅህ ይባረክ!» አሉ። መኩሪያ በልቡ ከበሮ ተመታለት።

«እንግዲህ ሥርዓታችንን ታውቃለህ» አሉት።

«የምን ሥርዓት?»

«ቃሬዛ የሠራ ሰው፣ ሰው ተጭኖበት፣ ከፊት በቀኝ በኩል ይዞ አፋፉ ድረስ ያወጣዋል።»

መልካም፤ የሚጫነውስ ማን ነው? ጤነኛ ሰው ቃሬዛ ላይ ይተኛል እንዴ? ሟርት ነው! አንዱ መሬት መሬት አየ። ሌላው በሬው እንደ ጠፋበት ድንገት ትዝ አለው።

«እኔ እተኛለሁ» አለች በላይነሽ።

በላይነሽ፣ ወገኖቼ፣ እግዚአብሔር ሲፈጥራት ያልሰሰተባት ሴት ናት። ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች፣ ተጋደመች፣ «በሉ፣ በስመ አብ ብላችሁ አንሡ» አለች። አነሡ።

የመጀመሪያው መቶ እርምጃ በኩራት ሄደ። ሁለተኛው በላብ ሄደ። ሦስተኛው ላይ መኩሪያ የሠርጉን ቀን ያስብ ጀመር። ያኔ በላይነሽ ይህን ያህል ነበረች? በእጁ አንሥቷት አልነበረም? «ይህቺ ሴት ናት የከበደችው» አለ በልቡ። ልብ አድርጉ! ስቱኮውን በገዛ እጁ መርጎ ሚስቱን ከሰሰ።

እሷ ከላይ ሆና ታወራለች። «ውይ፣ ከዚህ ሲታይ አገሩ እንዴት ያምራል! መኩሪያ፣ ያንን ሙዝ አየኸው?» መኩሪያ የሚያየው የገዛ ጉልበቱን ብቻ ነው።

መታጠፊያው ላይ ጎረቤታቸው እትዬ ዘርፌ ከገበያ ስትመለስ ተገናኙ። በላይነሽ ቃሬዛ ላይ ተዘርግታ አየች። መኩሪያ ፊቱ ተኮማትሮ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ አየች። ዘንቢሏን ጣለችና «ወይኔ በላይነሽ! ወይኔ እህቴን!» ብላ ደረቷን መታች። ከኋላዋ የነበሩት ገበያተኞችም ለቅሶውን ተቀበሏት።

በላይነሽ ብድግ ብላ ተቀመጠች። «ኧረ አልሞትኩም! እየተመዘንኩ ነው!»

ሬሳ ቀና ሲል ያየ ገበያተኛ እንዴት እንደሚሮጥ እናንተው ገምቱ።

ይህ ቀና ማለቷ ግን ነገር አበላሸ። ሰሌዳው ለመጥ አለ። ካርቦኑ ይለመጣል፣ ይመለሳል፤ ስቱኮ መለመጥ የት ያውቃል? ቀጭ አለ። አንድ ቅርፊት መኩሪያ አንገት ውስጥ ገባ። ሌላው አናቱ ላይ አረፈ። ከዚያ ነጭ ዱቄት ይወርድበት ጀመር፤ ቅንድቡ፣ ጢሙ፣ ኮሌታው። ጥቂት እርምጃ ሳይሄድ ከወፍጮ ቤት የወጣ ሰው መሰለ። ጋሽ ወልደየስ አስቆሟቸው። ጎንበስ ብለው ከሥር አዩ። ቀለሙ ተገሽልጦ፣ ስቱኮው ተንጠልጥሎ፣ ያ የድመት ምላስ ወጥቷል።

«መኩሪያ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ቃሬዛ አዘዝንህ እንጂ ግድግዳ አዘዝንህ?»

ጎረምሶቹ በሳቅ ሊጥሏት ደረሱ። «መጀመሪያ አውርዱኝ፣ ከዚያ ትስቃላችሁ!» አለች በላይነሽ። አወረዷት።

«ቀላል ነው ብለኸኝ አልነበር?» አሉ ሽማግሌው።

መኩሪያ ዱቄቱን ከዓይኑ ጠረገ። ሊዋሽ ፈልጎ ነበር፤ ግን እንዲያ ነጭ ሆኖ የቆመ ሰው ምን ብሎ ይዋሻል? «ቀላል ነበር፣ ጋሼ» አለ። «ለመሥራት ቀላል ነበር።»

አልተቆጡትም። ቢቆጡት ይሻለው ነበር። ሸሚዛቸውን ከግራ ትከሻቸው ላይ ገለጥ አደረጉና የደነደነውን ሥጋ አሳዩት። «ካቻምና በምጥ የሞተችብን ልጅ... አሥራ አራት ጊዜ አሳረፍናት። አሥራ አራተኛው ላይ ‹አባባ፣ ደረስን ወይ?› አለችኝ። ‹ደርሰናል› አልኳት። አልደረስንም ነበር። መኩሪያ፣ ላንተ የቀለለህ ነገር እኛ ትከሻ ላይ ነው የሚከብደው።»

መኩሪያ አለቀሰ። ስቱኮ ያረፈበት ፊት ሲያለቅስ ያስቃል፤ ያን ጊዜ ግን ማንም አልሳቀም።

«የአንድ ሰሌዳ ጨርቅ ቀርቷል» አለ። «ከፈቀዱልኝ...»

«እኛ ሌላ አናጢ የት እናመጣለን? ሂድ፣ ሥራ» አሉት።

ሄደ። መስታወቱን በሰም ወለወለ፣ ደግሞ ወለወለ። አንዱን ስስ ቆዳ ሠራ፤ ጠበቀ። ሁለተኛውን ሠራ፤ ጠበቀ። ለመኩሪያ ከሥራው ሁሉ የከበደው ይህ መጠበቅ ነበር። ሳይደርቅ ላስቲኩን ሊገልጥ እጁን ሲሰድ በላይነሽ ሁለት ጊዜ መታችው። ሻካራውን ከሻካራው ፊት ለፊት አደረገ፣ መሐላቸው ፎም አገባ፣ አጣበቀ፣ ዳር ዳሩን ከረከመ። ጣቱ ተላጠ፣ ወገቡ ተቆረጠ፣ ስምንት ቀን ፈጀበት። የተረፈውን ስቱኮ ለጎረቤት ሰጠ።

በዘጠነኛው ቀን በላይነሽ በአንድ እጇ አነሣችው። ገለበጠችው፤ መልሳ ገለበጠችው።

«ፊቱ የትኛው ነው?»

«እኔም ጠፍቶኛል» አለ።

ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ እየወረደ፣ አንዲት እናት ምጥ ይዟት በዚያ ቃሬዛ ወጣች። ሁለት ጊዜ ብቻ አሳረፏት። ልጇ ጤና ጣቢያ ውስጥ፣ አዋላጇ እጅ ላይ ተወለደች። መኩሪያ ወሬውን ሰምቶ በዝናብ ሮጦ ሄደ። ተሸካሚዎቹ በረንዳው ላይ ቆመው ልብሳቸውን ይጨምቃሉ። ስለ ቃሬዛው ሲያወሩ ሊሰማ ተጠጋቸው። ስለ ዝናቡ አወሩ። ስለ ጭቃው አወሩ። ስለ አንደኛው ጫማ መበጠስ ረጅም ክርክር ተደረገ። ስለ ቃሬዛው አንድ ቃል የለም! ቤቱ ገብቶ አኮረፈ።

«አንድ ሰው እንኳ ስሜን አያነሣም?» አላት በላይነሽን።

«ሞኝ!» አለችው። «ትከሻቸውን አሟቸው ቢሆን ስምህን ሲያነሡ ትሰማ ነበር።»

ወገኖቼ፣ አንዳንዶቻችሁን እያየኋችሁ ነው። «ይህ ስብከት ስለ ግብዝ ሰው ነው፤ ፊቱ ለስላሳ፣ ጀርባው ሻካራ» ብላችሁ ጎናችሁ የተቀመጠውን ሰው በክርናችሁ ነካ አድርጋችኋል። ተዉት። ዛሬ ስለ እሱ አይደለም። መኩሪያ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቀላሉን ወደደ እንጂ። እኔ የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ለእናንተ የቀለላችሁ፣ ማን ትከሻ ላይ ነው ያለው?

እናንተ ሽማግሌዎች! ባልና ሚስት ተጣልተው መጡላችሁ። ነገሩን መርምሮ እውነቱን ማውጣት ረጅም ነው፤ ምሳም ደርሷል። «በቃ አንቺ ተዪው፤ ይቅር በዪው፤ የቤት ገበና ነው» ትሏታላችሁ። ቀላል እርቅ! መርቃችሁ፣ በልታችሁ፣ ተመሰጋግናችሁ ትወጣላችሁ። እሷ ግን ያንን እርቅ ተሸክማ ሽቅብ ስትወጣ ትኖራለች። ማን ያሳርፋታል?

መሥሪያ ቤት የምትቀመጡ! «ነገ ተመለሱ» ማለት ምን ይከብዳል? ሁለት ቃል ነው። ቃሉን የምትሸከመው ግን ለትራንስፖርት ተበድራ ከገጠር የመጣች አሮጊት ናት። ልጅ ማሳደግ ምን አለው የምትሉ አባቶችም አላችሁ። እውነት ነው፤ ቆሞ ለሚያይ ሰው ምንም የለው።

እኔስ? የአምናውን ስብከት አቧራውን አራግፌ ዛሬ ይዤላችሁ ብመጣ ለእኔ ቀላል ነበር። አድርጌውም አውቃለሁ። ያን ቀን የከበደው እናንተን እንደ ሆነ እንቅልፋችሁ መስክሮብኛል።

ሲጋለጥብን ደግሞ ምን እናደርጋለን? እንደገና መሥራቱን ትተን እንመርጋለን። በድለን ስናበቃ ድምፃችንን እናለሰልሳለን። ስጦታ እንገዛለን። ግብዣ እናበዛለን። በእጅ ሲዳበስ ለስላሳ ነው፤ የሚሸከመን ሰው ግን ክብደቱ እንደ ጨመረ ያውቃል።

ክርስቶስ የሚሰጠን ሸክም እንደማይከብድ ነግሮናል። ለምን ቀለለን? ለእሱ ቀሎት ነው? ወገኖቼ፣ ለእሱ ቀሎት ነው? አይደለም! ሽቅብ የወጣው እሱ ነው። እንጨቱን የተሸከመው እሱ ነው። ማንም አላሳረፈውም። ከባዱን ለራሱ ወስዶ ቀላሉን ለእኛ ሰጠን። እሱም አናጢ ነበር።

ስለዚህ ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ትልቅ ነገር አድርጉ አልላችሁም። ቤታችሁ ግቡ። ከሚሸከሟችሁ ሰዎች አንዱን አስቀምጡ፤ ሚስት ትሁን፣ ባል ይሁን፣ እናት ትሁን፣ ወጥ የምትሠራላችሁ ልጅ ትሁን። «የቱ ጋ ነው የከበድኩሽ?» በሏት። ከዚያ ዝም በሉ። «እኔ እኮ...» አትበሉ። ትጨርስ። ረጅም ከሆነም፣ የዛሬ ምሳ ይቀዝቅዝ።